ደም አለብኝ አላልኩም

አትናደድ አለኝ። ሐኪሙ ነው ያለኝ። ያበጠ እግሬን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ጣቱን ሲያነሳ የቀረውን ጉድጓድ ጎንበስ ብሎ እያየ፣ በአስተርጓሚ አፍ፣ አትናደድ። ይኸው አልተናደድኩም። የጅቡቲ ፀሐይ የጣሪያውን ቆርቆሮ እያንጣጣችው፣ ጀርባዬን ሰሌን ላይ ዘርግቼ፣ ሁለት እግሬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ እንደ ታረደ ሙክት ተዘቅዝቄ ተኝቻለሁ። ተኝቻለሁ ነው እንግዲህ የሚባለው፤ ሌሊቱን ወደቡ ላይ መጋዘን ስጠብቅ አድሬ ቀን መተኛት ሲገባኝ ዓይኔ ፈጦ ይውላል። እግርህ ከልብህ ከፍ ይበል ብሏል ሐኪሙ። ልቤ የት እንዳለ እሱ ምን ያውቃል። ልቤ ቆቦ ነው ያለው፤ ልቤ አሊ ነው፤ አሊ ልጄ፣ አሁን በዚህች ሰዓት የዞብልን ተራራ ተሻግሮ አፋር ቆላ ውስጥ የሰው ግመል ይጠብቅ፣ ወይ ከግራር ሥር ተጋድሞ የጠመንጃ ድምፅ ይጠብቅ የማላውቀው ልጄ። የሚፈልገው ሰው ይሁኔ ይባላል። ይሁኔ የወንድሙን ደም ሊመልስ ነው። ወንድሙን የገደልኩት እኔ እንድሪስ ነኝ አሉ። ገደልከው የተባልኩት ወንድሙ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ይህን ሰሌን በእጁ አንጥፎ፣ እግሬን አንስቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ «እንዳታወርዳት!» ብሎ ጮኾብኝ ወጣ። አልናደድም እንግዲህ።

ታረቀኝ ይባላል ሟቹ። ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው። አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ በዚህ ከተማ ካለው ሕዝብ ሁሉ የቆቦን ንፋስ የምናውቅ እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔ ለሰፈራ ተመዘገብክ ስባል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አብዮቱ ለም መሬት ሰጥቶሃል ሲለኝ፣ ለም መሬቴ ይኸው እግሬ ሥር አይደለም ወይ ብዬ በቆላው ወረድኩ፤ አሊን ለእህቴ ለኡሙልኸይር ትቼ ወደ ጅቡቲ ወረድኩ። ታረቀኝ ከእኔ በኋላ ሚሊሻ ሲመለምሉ አምልጦ መጣ። እና ይህ ሰው ሐኪሙ የተናገረውን ከእኔ ይልቅ እሱ ይዞታል። ጨው ይቅርብህ ሲለኝ ታረቀኝ የጨው ጣሳውን ለጎረቤት ሰጠ። የቆርቆሮ ዓሣም ጨው አለበት ሲባል ዓሣዬን ለድመት አበላው። ከዳቦ ቤቱ ለእኔ ጨው ያልነካው ሊጥ ለይቶ ይጋግርልኛል፤ ስበላው ጥጥ የማኝክ ይመስለኛል። እኔ የጨው መንገድ ላይ የተወለድኩ ሰው! አፋሮች በግመል ጭነው ቆቦ ገበያ ሲያራግፉ የተሰበረውን ከመሬት ለቅመን እየላስን ያደግን! እዚህ ደግሞ ባሕሩ ጨው ነው፣ አየሩ ጨው ነው፣ ላቤ ጨው ነው፣ የእኔ ምስር ብቻ አልጫ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ አልኩት አንድ ቀን ሳህኑን እያየሁ፤ «አንተ ለራስህ ስትል አትብላ» አለኝ። እንዲህ ነው የሚመልስልኝ። ጠዋት ጠዋት ኪኒኗን መዳፌ ላይ አስቀምጦ እስክውጣት ድረስ አፍ አፌን ያያል። አንድ ሰሞን እግሬ ሲጎድልልኝ ዳንኩ ብዬ ትቻት ነበር፤ ለሽንት ታመላልሰኛለች፣ ዘበኛ በሩን ትቶ ስንቴ ይመላለሳል። ብዙም ሳይቆይ እግሬ ጫማውን ሞልቶ ማሰሪያው ሥጋዬ ውስጥ ሰመጠ። ያን ጊዜ ታረቀኝ የጮኸብኝን ሐኪሙ እንኳ አልጮኸብኝም። ሐኪሙ የጠየቀኝ ያበጠው ሁለቱም ነው ወይስ አንዱ ብቻ፣ ስትጋደም ትንፋሽ ያጥርሃል ወይ፣ እያለ ነው፤ ሽንትህን በብልቃጥ አምጣ፣ ኩላሊትህን እንየው አለ፤ መድኃኒቱ ሲሻልህም አይቋረጥም፣ ዘብ ስትቆም እንደ ግንድ አትገተር፣ ወዲህ ወዲያ በል፣ ስትቀመጥ እግርህን ሣጥን ላይ አውጣ አለኝ። እኔ ሞኙ በሙቅ የጨው ውሃ ስዘፈዝፈው ነበር የከረምኩት፤ የእናቴ መድኃኒት ነው፣ እናቴ ግን ስንቅ ተሸክማ ለደከመ እግር ነበር የምታደርገው።

ግን እኔን ያቃጠለኝ በሽታው አይደለም። ስሙ ነው። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ አንድ ቃል አለ፤ አስተርጓሚዋ፣ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ «ደም ብዛት ነው ይልሃል» አለችኝ። ከበዛማ ይቀነስ፣ ዋግምት ያዙልኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ደምህ አይደለም የበዛው አለችኝ፤ ደሙ የሚሄድበትን ቱቦ የሚገፋው ግፊት ነው የበዛው። ታዲያ ግፊት አትሉትም? ግፊት ማለት ምን ይከብዳል? ይህን በሽታ ደም ብዛት ብሎ ስም ያወጣለት አማርኛ አዋቂ አንድ ቀን ራያ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ምላሱን ይነክስ ነበር። እኛ ዘንድ ደም የበሽታ ስም አይደለም። ደም አለበት ማለት ሰው ገድሏል ማለት ነው። ደም ያለበት ሰው ገበያ አይወጣም፤ ልጁ ከብት ይዞ ብቻውን አይሰማራም፤ ወይ ደሙ እስኪመለስ ወይ ሽማግሌ ተቀምጦ የደም ካሳው፣ ጉማው ተከፍሎ እርቅ እስኪወርድ ድረስ የዚያ ቤት በር በጠራራ ፀሐይ ይዘጋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ጡት ከምጠባበት ጀምሮ አውቃለሁ። እና ስልክ ቤት ገብቼ ለእህቴ የጮህኩት ምን ብዬ ነው?

ደም ብዛት አለብኝ ብዬ ነው። ወላሂ እንዲያ ነው ያልኩት፤ ደም አለብኝ አላልኩም። ስልኩ ይንቻቻል፤ ቃሉ ከጅቡቲ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ቆቦ እስኪደርስ በየመንገዱ ይንጠባጠባል፤ ብዛት የምትለዋ የት ገደል እንደገባች እንጃ። ኡሙልኸይር ጆሮ የደረሰው ደም አለብኝ ነው። «የማን?» አለች። እኔ ደግሞ የሰማሁት የምን ብላ ነው። ታመምኩ እያልኳት የምን ትለኛለች! እግሬ ከጫማዬ አፍ ተርፎ፣ ከኋላዬ የቆመው ሰልፈኛ ቶሎ በል እያለ ጀርባዬን እየጎሸመኝ፣ የምን! ንዴቴ መጣ። «ታረቀኝ ነው ያደረሰኝ!» አልኳት። ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ታረቀኝ ነው፣ እሱ ደግፎ ባይወስደኝ ወድቄ ነበር ማለቴ ነው። እሷ የሰማችው ለዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው፣ ነካካኝ፣ አናደደኝ፣ ገደልኩት ነው። ይህ አማርኛ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። መሥመሩም የሚቆረጥበትን ሰዓት ያውቅበታል፤ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የእኔ ከአፍ ወጥቶ፣ አገር አቋርጦ፣ ሄዶ ልጄን አገኘው።

ወሬውን ያመጣልን ዘይኑዲን ነው፣ በቆላው መንገድ ከቆቦ ወደዚህ ዕቃ የሚያመላልሰው። ለእኔ ሊያዝንልኝ ነበር አመጣጡ። በሩን ገፋ ሲያደርግ ታረቀኝ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብሎ አልጫ ምስሩን ያማስላል። «አዑዙ ቢላህ!» አለ ዘይኑዲን፤ ወደ ኋላ ሲዘል የውሃ በርሜላችንን ደፋው። «አንተ ሰውዬ፣ ተለቅሶልሃል እኮ!» ማን አለቀሰ? ሁሉም አልቅሷል፤ ኡሙልኸይር ከስልክ ቤቱ እያለቀሰች ስትወጣ አገር ሰምቷል። እናቱ ታንጉት ጠጉሯን ተላጭታ አመድ ላይ ተቀምጣለች። ታናሽ ወንድሙ ይሁኔ የዋጃ ገበሬ ማኅበር ዘብ ነው፤ ለአብዮቱ የሰጡትን ጠመንጃ ይዞ ለራሱ ደም ወጥቷል። አሊ ጎብዬ ገበያ እንደወጣ ሰው ሹክ ብሎት፣ ወደ ቤት ሳይመለስ በዚያው ወደ ምሥራቅ ጠፍቷል። ዘይኑዲን ይህን ሲናገር ታረቀኝ ማማሰያውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እናቱን አሰበ መሰለኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ምስሩ አረረ፣ እኔም ስለ ምስሩ አልተናገርኩም። ቴሌግራም ላክን፤ ታረቀኝ በሕይወት አለ ብለን። መልሱ በቴሌግራም መጣ፤ ገዳይም ቴሌግራም ይልካል፣ ካለ በአፉ ይናገር አለ ይሁኔ። እኔ በይሁኔ ልፈርድበት አልችልም። ልጆቻችሁ በግንባር ደህና ናቸው የሚል ወረቀት ስንቴ ተነቦልናል፣ ልጆቹ አፈር ከለበሱ በኋላ። ወረቀት ማመን ያስተዉን እነማን ሆኑና። ደግሞ እነሱ ይናደዱልኝ እንጂ እኔማ ተከልክያለሁ።

ልጅ ነኝ ያን ጊዜ። ጎርፉ ከተራራው ወርዶ፣ የጎርፍ ውሃው ተራ የማን ነው ተብሎ፣ አጎቴ የእነታረቀኝን አጎት በዱላ መታው፤ ሰውየው አልተነሳም። በራችን በቀን ተዘጋ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ብቻ ናቸው የሚወጡት፤ እኔ በበሩ ሽንቁር ውጪውን እያየሁ እውላለሁ። ኋላ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ አበጋሮቹ መሐል ገቡ፤ ትልልቆቹ ሰዎቻችን ድንጋይ ተሸክመው ሄደው ከደጃቸው ተደፉ፤ እርቅ ወረደ። በዚያው ሰሞን ታንጉት ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ታረቀኝ ብላ ስም አወጣችለት። እኛም እስላሞቹ ሄደን እንኳን ማርያም ማረችሽ አልናት፤ አባቴ ሕፃኑን ተቀብሎ አቅፎ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ያ ስም ሰው መጥሪያ ብቻ አይደለም፣ ውላችን ነው። የእነሱ ሰው የእኛን ደጅ ሲያልፍ ታረቀኝ እንዴት ነው እንለዋለን፤ ደህና ነው ካለ ሁላችንም ደህና ነን። እና እኔ ያን ስም ነው ደም ከሚል ቃል ጋር አስሬ በስልክ የላክሁት፤ ብዛትን የመሰለች አንዲት ቃል መሐሉ ማቆም አቅቶኝ።

ዛሬ ነው ቀጠሮው። ከቀትር በኋላ ይሁኔም ኡሙልኸይርም ቆቦ ስልክ ቤት ይቀርባሉ፤ ታረቀኝ ወረፋ ሊይዝ ቀድሞ ሄዷል። ድምፁን ካላመነው ይሁኔ በዞብል ወርዶ አሊን ይፈልገዋል፤ ሲያገኘው አሊ ምን ብሎ ይመልስ፣ አባቱን እንኳ ከልጅነቱ ወዲህ አላየውም። «አንተ አትመጣም፤ መንገዱ ፀሐይ ነው፤ እግርህን ሰቅለህ ጠብቀኝ፤ እኔው እነግረዋለሁ» አለኝ ታረቀኝ። የልጄ የነፍስ ነገር ሲቆረጥ እኔ ግድግዳ ደግፌ ልጠብቅ። አልጠብቅም። ያበጠው ይፈንዳ! አወረድኳቸው። ደሙ ቁልቁል ሲመለስ ውስጥ እግሬን ይነዝረኛል። ጫማዬን አነሳሁ፤ አውራ ጣቴ ገባ፣ የቀረው እምቢ አለ። ገፋሁ፣ ሰደብኩ፣ ወረወርኩት። በሩ ሥር የታረቀኝ የላስቲክ ሸበጥ አለ፤ የእሱ እግር እንደ አካፋ ሰፊ ነው፣ በእሱ ገባሁ። የሟቹን ጫማ አድርጌ ወጣሁ።

አስፋልቱ ይቀልጣል። የከተማው ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፤ የሚሄድ እኔ ብቻ ነኝ፤ ጥላ ባገኘሁ ቁጥር ቆሜ እተነፍሳለሁ። በየት በኩል ነው የመጣሁት፣ ዋጃ ነው ቆቦ ነው፣ ይህ ነጭ ግንብ የምንድን ነው፤ አሊን በትከሻዬ ተሸክሜ ገበያ የወሰድኩት በዚህ ዓይነት ፀሐይ ነበር፤ እግሩ ደረቴ ላይ ይወዛወዛል፣ ቀጭን እግር፣ ያላበጠ። ስልክ ቤቱ ስደርስ ታረቀኝ ከአግዳሚው ላይ ተነሳ። መጀመሪያ ያየው ፊቴን አይደለም፣ እግሬን ነው። አፉን ሊከፍት ሲል መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት «ኢትዮጵያ!» ብላ ተጣራች፤ ሁለታችንም እየተጋፋን አንዱ የስልክ ሣጥን ውስጥ ገባን። መተንፈሻ የለውም። ታረቀኝ ስልኩን ያዘ፣ እኔ ጆሮዬን ከጆሮው አጣበቅሁ።

«ሃሎ! ይሁኔ! እኔ ነኝ፣ ታረቀኝ ነኝ!»

ንቻቻታ። ከዚያ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ የመሰለ ድምፅ መጣ። «ድምፅ ማስመሰል ቀላል ነው። ማን ልበል?»

«ታረቀኝ ነኝ እልሃለሁ! እናታችን ታንጉት፣ ቤታችን ከዋጃ በላይ፣ ቦራ በሬያችን ገደል የገባው...»

«ይህንማ እንድሪስም ያውቀዋል። የቆቦ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያስጠናህ እንደሁስ?»

«እንድሪስ እኮ ይኸው አጠገቤ ነው!»

«ገዳዩ አጠገብህ ነው?» አለ ይሁኔ፤ ድምፁ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ። ያ ቅዝቃዜ አሊ ነው፣ አሊ ሲሞት ነው የሰማሁት። ስልኩን ነጠቅኩ።

«አንተ ይሁኔ! ስማኝ! ልጄን አንድ ነገር ብታደርገው...»

«ተቀመጥ!» አለኝ ታረቀኝ። ስልኩን አይደለም የሚያየው፣ ቁልቁል የሚያየው ከሸበጡ ጠርዝ የፈሰሰውን እግሬን ነው። «ይህን ይዘህ በዚህ ፀሐይ መጣህ? ሰቅለህ ጠብቀኝ አላልኩህም?»

«ዝም በል! ልጄ ነው!»

«እግርህስ የማን ነው? ኪኒንህንስ?»

«ዋጥኩት አላየህም!»

«ትላንት ማታ ጎረቤት ገብተህ ሽሮ በጨው ስትልስ ግን አይቼሃለሁ! እኔ ያንተን ዳቦ ለብቻ እየጋገርኩ ጣቴ ተላጠ!»

«ዳቦህን ራስህ ብላው! ድመት የማይበላው ዳቦ! ነዝንዘህ ገደልከኝ እኮ! ምነው እውነት ገድዬህ ቢሆን ኖሮ፣ ጨዌን እንደ ልቤ እበላ ነበር!»

አልኩት። ይህን አልኩ፣ ስልኩን በእጄ ይዤ፣ ይሁኔ እየሰማ። ታረቀኝ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ልጄን በአፌ ሁለተኛ ገደልኩት። ከዚያ ከቆቦ አንድ ድምፅ መጣ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

«እሱ ነው» አለ ይሁኔ። «እሱው ነው ጃል! እንዲህ የሚነዘንዝ ሰው ሁለት አልተፈጠረም። ሬሳ አይነዘንዝም። ጋሼ!» አለ፤ ታረቀኝን ነው። «ጋሼ፣ እማዬ ጠጉሯን ተላጭታብሃለች እኮ!» ታረቀኝ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ደሴ ላይ ያለችው ስልከኛ እንኳ ሰዓታችሁ አልቋል ማለት ሲገባት አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ከዚያ በዚያኛው ጫፍ ነገር ተንኳኳ፣ ሰው ተራመደ፣ በር ተከፈተ።

«ወንድምዓለም!» ኡሙልኸይር ናት።

«እታለም! ይሁኔ የት ገባ?»

«ወጣ። ጠመንጃውን ጭኔ ላይ ጣለውና ወጣ።»

«ወዴት?»

«አሊን ሊያመጣ ነዋ፣ ቆላ። ባዶ እጄን ካላየኝ አይጠጋኝም አለ። እኔ እዚህ የመንግሥት ጠመንጃ ታቅፌ ቀረሁ፣ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ምን ልሁን?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንተስ? ያ ደም የማን ነው ያልከኝ?»

«የራሴ ነው እታለም። የራሴ ደም ነው። እሱ ነው እግሬን ያሳበጠው።»

«እግርህን ነው እንዴ?» አለች። ትንሽ አሰበች። «ታዲያ እግር ከሆነ በሙቅ የጨው ውሃ አትዘፈዝፈውም?»

ታረቀኝ ሰምቶ በዕንባው መሐል ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ንዴቴ ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት፣ እንደ ኪኒኗ።

«አይሆንም እታለም። ጨው ተከልክያለሁ። አሁን የምልሽን ድገሚልኝ። ደም ብዛት በይ።»

«ደም ብዛት።»

«አሊ ሲመጣ አባትህ ደም ብዛት አለበት በይው። ብዛት የምትለዋን እንዳትጥያት።»

«ብዛት» አለች። «ብዛት፣ ብዛት።» እንዲህ እያለች መሥመሩ ተቆረጠ።

ከሣጥኑ ወጥተን ስልክ ቤቱ ወለል ላይ፣ ሰው እያየን፣ ተጋደምኩ። ታረቀኝ እግሬን በሁለት እጁ አንስቶ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። አሊ ከቆላ ወጥቶ በስልክ እስኪጠራኝ ድረስ አላወርዳትም።